ከሐዋርያት እግር ሥር ሁለት ጥንድ ጫማ

ያማረ ነገር ለብቻ ሲያዩት ግማሹ ይባክናል፤ እኔ ደግሞ ብክነት አልወድም። ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም ይባላል። ብቻውን የጎበኘስ ማን ይመሰክርለታል?

ሥራ ካቆምሁ ወዲህ በስደት በምኖርበት ከተማ፣ ፌርፋክስ በሚባለው ያበሻ ሰፈር ምሳ ስበላ ያየኝ ሁሉ «ጋሼ፣ ትራቭል ያድርጉ እንጂ» ይለኛል። ባለቤቴ ካረፈች በኋላ በቤቴ የሚሰማው የፍሪጁ ድምፅ ብቻ ነውና ምክሩን ተቀበልሁ። ትኬት የምትቆርጠው ልጅ «ለስንት ሰው ቡክ ላድርግ?» ስትለኝ ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ። ማንም አልነበረም።

እንዲህ ሆኖ ኤቮራ የምትባል የፖርቹጋል ከተማ ገባሁ። የጥንቱ ካቴድራሏ ሁለት ግንቦች አይመሳሰሉም፤ ሳይማከሩ የለበሱ ሙሽራና ሙሽሪት ይመስላሉ። በበሩ ግራና ቀኝ ሐዋርያት ከእብነ በረድ ተቀርጸው ቆመዋል። እኔም እንዳደግሁበት ደጁን ተሳልሜ፣ ጫማዬን አውልቄ ከአንደኛው ሐዋርያ እግር ሥር አስቀምጬ ገባሁ። ሌላው ሰው ሁሉ ከነጫማው ነው። ፈረንጅ ነው ብዬ አለፍሁ።

ዳውንታውን የመኪና ማቆሚያ ሳስተዳድር ምሰሶ ስቆጥር የኖርሁ ሰው ነኝና እዚያም መቁጠር ጀመርሁ፤ ግን ምሰሶዎቹ ሽቅብ ወጥተው በቅስት ሲገናኙ ቁጥሩ ጠፋብኝ። ይህን ሁሉ ስፋት አንድ መኪና እንኳ ሳያቆሙበት! ከምሰሶዎቹ መካከል እመቤታችን በቀለም ደምቃ ቆማለች። ነፍሰ ጡር ናት፤ እጇን ሆዷ ላይ አሳርፋለች። ገብርኤል ከማዶ ፊት ለፊቷ ነው። እንዲህ ሆና ተቀርጻ አይቼ አላውቅም። ለማን ልናገር?

ስወጣ ከጫማዬ አጠገብ የሴት ጫማ አየሁ። ያገሬ ሰው አለች ማለት ነው፤ ሌላ ማን እዚህ ያወልቃል? የምነግራትን በሆዴ ደርድሬ፣ በካልሲዬ ቀዝቃዛው ደረጃ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ።

ከብዙ ቆይታ በኋላ ብቅ ያሉት ፀጉራቸው የሸበተ ፈረንጅ ሴትዮ ነበሩ።

«የእርስዎን ጫማ አይቼ ደንቡ መስሎኝ ነው» አሉኝ በእንግሊዝኛ፣ እያፈሩ። «ሌላው ሰው ግን አላወለቀም። ተሳሳትሁ እንዴ?»

የደረደርሁት ሁሉ በአማርኛ ነበር። እግራቸውን አየሁ፤ ከቅዝቃዜው የተነሣ አንዱን በአንዱ ላይ ደርበውታል።

«ደንቡ ነው» አልኋቸው።

አጠገቤ ተቀምጠው የጫማቸውን ክር ማሰር ጀመሩ፤ እያሰሩም ነፍሰ ጡሯን እመቤት አይቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። የእኔ ጫማ ክር የለውም። ቢሆንም ጎንበስ ብዬ አብሬያቸው ቆየሁ።