ያጨሰ ሰው ስንት ቀን አይገባም?

እናንተ የከተማ ሰዎች ሕግ እንዳይጣስ ትሰጋላችሁ። እኔ ግን ዕድሜዬን የፈጀሁት መንዝ ነውና፣ የምፈራው የሚከበረውን ሕግ ነው። የአገሬ ሰው ያልጣመውን መመሪያ «እሺ» ብሎ፣ አጨብጭቦ፣ ደጅ ሳይደርስ ይረሳዋል፤ እሺ ይበልጣል ከሺ ይባል የለ! ካመነበት ግን ወዮላችሁ። መመሪያው ጾም ይሆናል፣ ጾሙ ግዝት ይሆናል፣ ግዝቱን የሚፈታ ቄስ ይጠፋል።

ትምባሆን ውሰዱ። በእኛ አገር ትምባሆ ለመከልከል ስልጠና ማምጣት ብርዳሙ ጓሳ ተራራ ላይ ብርድ ተሸክሞ እንደመውጣት ነው። አባቶች የመናፍቁ የአርዮስ መቃብር ላይ የበቀለ ቅጠል ነው ይላሉ። ሲያጨስ ከሚታይ በግ ሲሰርቅ ቢያዝ የሚመርጥ ሰው አውቃለሁ፤ ለበግ ሌባ ቢያንስ ሽማግሌ ይገባለታል።

ዘመኑ ግን የስልጠና ዘመን ነበር። ለምርጥ ዘር ስልጠና፣ ለሽንት ቤት ስልጠና፣ ለአንድ ለአምስቱ ስልጠና፤ ባልና ሚስት ቢጣሉ እንኳ «የግንዛቤ እጥረት ነው» ይባል ነበር። በዚህ መሃል እኔ ካርድ ክፍል የምሠራበት ሆስፒታል ግቢው ከትምባሆ ነፃ እንዲሆን ተወሰነና ዘበኞቻችን አዳራሽ ገቡ። እኔም አዳራሹ ባዶ እንዳይመስል ተጨመርኩ።

ከዘበኞቹ አንዱ ጋሽ ታፈሰ ናቸው። በልጅነታቸው ድቁና የተቀበሉ፣ ዛሬም ዳዊት ሳይደግሙ ዱላቸውን የማያነሱ ሰው ናቸው። አሰልጣኙ ከዞን የመጣ ጨዋ ወጣት ነበር። አጫሽ ራሱን ብቻ ሳይሆን አጠገቡ ያለውን ሕመምተኛ እንደሚጎዳ፣ ሊገድልም እንደሚችል፣ ጭሱ ልብስ ላይ ሳይቀር እንደሚከርም አስረዳ። ሲያጨስ ያያችሁትን ሰው በትሕትና ወደ ውጭ ሸኙት አለ። ጋሽ ታፈሰ እጃቸውን አወጡ።

«ያጨሰ ሰው ስንት ቀን ነው የማይገባው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አሰልጣኙ ሰዓቱን አየና «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ከሻይ በኋላ እንመለስበታለን» አለ። ከሻይ በኋላ የመጣው ግን የቡድን ፎቶ ነበር።

አሰልጣኙ ራሱ ከጓሮ ተደብቆ ያጨስ ነበር ብላችሁ ወጉ እንዴት ባማረልኝ! ግን አያጨስም። ጥሩ ልጅ ነበር። መከራው ይሄ ነው፤ እዚህ ውስጥ የምንረግመው ክፉ ሰው የለም።

የጋሽ ታፈሰ ጥያቄ ቀልድ አልነበረም። እኛ ዘንድ ቅጥር ያለው ነገር ሁሉ ሥርዓት አለው። ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው ራሱን ያውቃል፤ ያልነጻ እንደሆነ ማንም ሳይከለክለው ቀኑ እስኪሞላ ከደጅ ተሳልሞ ይመለሳል። ጋሽ ታፈሰም ሆስፒታሉ ቅጥር እንዳለው ያያሉ፣ ውስጡ ነፍሱ የተንጠለጠለች ሕመምተኛ እንደሞላ ያውቃሉ፣ አጫሽ ሌላውን እንደሚገድል ደግሞ ከተማረ ሰው አፍ ሰሙ። የቀረውን ራሳቸው ሞሉት።

አንድ ማለዳ ከራቤል ወዲያ በጭነት መኪና የመጡ አንዲት እናት መስኮቴ ላይ ቀረቡ፤ ወይዘሮ አስካለ ይባላሉ። ካርዱን በባላቸው በአቶ ደምሴ ስም አስወጡና ሐኪሙ ዘንድ ገቡ። ብዙም ሳይቆይ ዶክተሩ ግራ ገብቶት ሴትዮዋን ይዟቸው መጣ።

«የባላቸውን ሳል እየሳሉ ያሳዩኛል እኮ! ምኑን ልመርምር?»

«ባልዎ የታሉ እናቴ?» አልኳቸው።

«እሱማ ደጅ ነው፤ ያጨሳላ!» አሉ፣ ይህን መጠየቄ ገርሟቸው።

ወጣሁ። አቶ ደምሴ ከግንቡ ሥር በበግ ጠጉር ባና ተጠቅልለው ቁጭ ብለዋል። የድሮ ወታደር ናቸው፤ ሠራዊቱ ሲበተን ከግንባር ይዘውት የተመለሱት ነገር ቢኖር ይህ ሲጋራ ነው። ትንፋሻቸው ያፏጫል። ጋሽ ታፈሰ የገዛ ጋቢያቸውን ደርበውላቸው ውኃ ያጠጧቸዋል። እዚህ ላይ ነው አንጀቴ የሚያርረው። ቢሰድቧቸው፣ ቢገፈትሯቸው ኖሮ እኮ ሰውየውም ወታደር ናቸው፣ ተጣልተው ይገቡ ነበር!

«ጋሼ፣ ለምን አላስገቧቸውም?»

«ጠየቅኋቸው፤ አልዋሹኝም። ትናንትም አጭሰዋል። ምን ላድርግ ልጄ፣ ውስጥ አራስ አለች፣ ሕፃን አለ።»

ዶክተሩ እዚያው አፈሩ ላይ ተንበርክኮ ደረታቸውን አዳመጠና ፊቱ ተለዋወጠ። ዛሬውኑ አልጋ ይዘው ኦክስጅን ካልተደረገላቸው አደጋ ነው አለ። እኔ ሕጉ የሚከለክለው ሲጋራውን እንጂ ሰውየውን አይደለም እያልኩ ለፈለፍኩ። ሥራ አስኪያጁም ወጥተው አዘዙ፤ ጋሽ ታፈሰ «አለቃ ካለ እንግዲህ» ብለው ከበሩ ዞር አሉ። እፎይ ልንል ስንል አቶ ደምሴ እምቢ አሉ።

«አይሆንም ልጄ» አሉ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። «በጦርነት የገደልኩት ይበቃኛል። ደግሞ ታሞ የተኛ ሰው ልግደል? ሱባኤ ይዤ፣ ልብሴን አሳጥቤ፣ ነጽቼ እመጣለሁ።»

ለመንን፣ ተቆጣን፣ በማርያም አልን። ዶክተሩ ዓይኑ እንባ አቅርሮ የሚዋጥ መድኃኒት ሰጣቸው። ወይዘሮ አስካለ ደግፈው አስነሷቸው። ጋሽ ታፈሰም እስከ መኪናው ድረስ ሌላውን ክንዳቸውን ይዘው ሸኟቸው፤ በትሕትና።

በዚያው ሰሞን ገምጋሚዎች መጡ። ግቢውን ዞረው ዞረው አንዲት የሲጋራ ቁራጭ አጡ። ጋሽ ታፈሰ በአርአያነት ተጠርተው ቆሙ፤ ይጨብጨብላቸው ተባለ። አጨበጨብን፤ ምን እናድርግ?

ወይዘሮ አስካለ ተመልሰው የመጡት ከዚያ በኋላ ነው፤ ብቻቸውን፣ ጥቁር ለብሰው። ጋሽ ታፈሰ ከሩቅ አይተዋቸው ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«አቶ ደምሴስ?»

«ሲጋራውን ተወው እኮ ወንድሜ» አሉ ወይዘሮ አስካለ። «ከዚህ ከሄደ ወዲህ በአፉም አላዞረው። ልብሱንም አጥቤለት፣ ንጹሑን ለብሶ፣ ወደዚህ የሚያመጣንን መኪና ስንጠብቅ መንገድ ዳር አለፈብኝ። ሲጨንቀው "መተዌን ለዘበኛው ንገሪልኝ" ስላለኝ ነው የመጣሁት። እዚህ እናንተ ዘንድ አጫሽ እንደተባለ እንዳይቀር።»

ጋሽ ታፈሰ ዱላቸውን ግንቡ ላይ አስደገፉ። ለአምቡላንስ ካልሆነ የማይከፈተውን ትልቁን በር በሁለት እጃቸው ገፍተው ወለል አድርገው ከፈቱና ከጎኑ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። ሁላችንም በየመስኮታችን ሆነን አየናቸው።

የሚገባ ሰው ግን አልነበረም።