የሐጂ ይማም ሙት ለስላሳ

በሽታ የሚያምረው ጠያቂ ሲኖር ነው። ብርቱካን ይዞ የሚመጣ፣ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ «ምነው እንዲህ ከሳህ?» የሚል ዘመድ ከሌለ መታመም ምን ያደርጋል? ትርፉ ድካም! እኔ ግን በደርግ ጊዜ፣ ጅዳ፣ ሰቢል ሰፈር፣ ጠባብ ክፍሌ ውስጥ ለብቻዬ ታመምኩ። በሽታዬም ለወሬ አይመችም፤ ግላኮማ ነው። አያስነጥስ፣ አያስቃስት፤ ድምፁን አጥፍቶ ዓይን ይሰርቃል።

ግብፃዊው ሐኪም የዓይኔ ግፊት እንደጨመረ ነግሮኝ፣ ኪኒኑን ካልዋጥክ ትታወራለህ አለኝ። ዓይን ውስጥ ውኃ የሚያመርት ኢንዛይም አለ አሉ፤ ኪኒኑ እሱን ሥራ ያስፈታዋል። ያስመጣኝ አሠሪዬ፣ ካፊሌ ፊት ቀና ብዬ የማላውቅ ሰውዬ በገዛ ሰውነቴ ሠራተኛ አባራሪ ሆንኩ! ጣቴን ይነዝረኛል፣ ሽንት ቤት ያመላልሰኛል፤ ይሁን፣ ቻልኩት። ያልቻልኩት የሐጂ ይማምን ለስላሳ ነው።

ሐጂ ይማም የወሎ ሰው ናቸው፤ ከቤቴ ሥር በቃላ የሚሉት ትንሽ ሱቅ አላቸው። ወላሂ ሳይሉ ዋጋ እንኳ አይናገሩም። ቤተሰባቸው መካ፣ ነካሳ ሰፈር ነው፤ ልጆቻቸውን በአማርኛ ቢያናግሯቸው በአረብኛ ይመልሱላቸዋል። ሐሙስ ማታ ወደዚያ ሲሄዱ እኔ ክርስቲያኑ መከተል አልችልም፤ ጁምዓን ከግድግዳ ጋር እውላለሁ። በሌላው ቀን ግን ከሥራ ስመለስ አንድ ለስላሳ ገዝቼ እዚያው ቆሜ እጠጣለሁ። አማርኛ የማወራው ያቺ ጠርሙስ እስክታልቅ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ብጎነጨው ጋዙ የለም፤ ጭራሽ ይመራል። ሐጂ፣ ይሄ ነገር ሞቷል አልኳቸው። ደማቸው ፈላ! ወላሂ ዛሬ የመጣ ነው ብለው ሌላ ከፈቱ። እሱም ሙት። ራሳቸው ቀመሱና፣ ወላሂ አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ፣ እስቲ ምላስህን አሳየኝ አሉ። በነጋታው እንደገና ተከራከርን። ከዚያማ በርጩማ አወጡልኝ፤ በየምሽቱ እየቀመስን ስንጨቃጨቅ ወሬው ወደ ደሴ፣ ወደ ሐይቅ፣ ወደ እናታቸው ይሄዳል። ከአገሬ ከወጣሁ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሐኪሙ ነገሩን ስነግረው ሳቀ። ያ ኢንዛይም ለካ ምላስ ላይም አለ፤ የለስላሳን ጋዝ የሚያጣጥምልን እሱ ኖሯል! ግፊቱ ወርዷል፣ ዓይንህ ተርፏል፤ ከእንግዲህ ኪኒኑ ቀርቶ ጠብታ ይበቃሃል አለኝ። መጨፈር አልነበረብኝም? እኔ ያሰብኩት በርጩማውን ነው። ክርክሩ ካለቀ ምን ብዬ እቀመጣለሁ?

ኪኒኑን ባቆምኩ በጥቂት ቀን ለስላሳው አፍንጫዬን ሰንጥቆ ወጣ፤ እንባዬ መጣ። ፊቴን አጨማደድኩና፣ ሐጂ፣ አሁንም ሙት ነው አልኳቸው።

ሐጂ እንባዬን አዩት። ጠርሙሱን ተቀብለው ረጅም ጎነጩ፣ አገሱ፣ የራሳቸውን በርጩማ ወደኔ አስጠጉና፣ እውነትህን ነው፣ ሞቷል አሉ።

ወላሂ ግን አላሉም።