ግድግዳ የሚልሰው አወድ

ከሰላምታ በፊት ግድግዳችሁን በዓይኑ የሚለካ ሰው የሌለበት ሰፈር አላህ አልፈጠረም። የእኛ የየመን ሐድረሞቱ አወድ ባመጥረፍ ግን ማየት አይበቃውም፤ ይልሰዋል።

ቤቶቻችን የጭቃ ናቸው። «ልስኑ ጨው ጨው ካለ ውሃ ከሥር እየወጣ ነው» ይላል ክቡር ልስን ላሽ። ደጃፍ ላይ «ያ ሳቲር» ብሎ ሴቶች እስኪሸፋፈኑ በጨዋ ደንብ ይጠብቃል፤ ግድግዳውን ግን አያስፈቅድም። ሠርግ ቤት ልሷል። ለቅሶ ቤት ልሷል። አንዴማ የሙሽራው አባት፣ «አወድ፣ ምግቡ አልጣመህም እንዴ?» አለው። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ግድግዳ አይዋሽም።» እናቴ ያጠባችው የጡት ወንድሜ ስለሆነ የእኔን ቤት ከውስጥም ከውጭም ቀምሶታል።

አምና ከከተማ ልጆች ወረቀት ይዘው መጡ። ጎርፍ ለሚያሰጋው መንደር የድንጋይ መከላከያ ሊሠራ ነው ተባለ። ታዲያ በየቤቱ «ደካማ ሰው አለ?» ብለው ጠየቁ። ይሄ ይጠየቃል? ሁሉም ደካማ ጠላታችሁ ይሁን እያለ ሸኛቸው። እኔ ኡሙ ፈረጅም፣ ጉልበቴ ከከዳኝ ሁለት ዓመት የሆነኝ ሴት፣ መቃኑን ጨብጬ ቀጥ አልኩና ተራራ እወጣለሁ አልኩ። ሲደመር መንደራችን የጀግና መንደር ሆነ፤ መከላከያው ደካማ ወደሚበዛበት ጎረቤት መንደር ሊሄድ ነው።

አወድ ይህን ሲሰማ እንደ ጎረምሳ ተነሳ። የከተማ ልጆቹን መልሶ፣ ከፊት ከፊት በዱላው እየተጣደፈ፣ ጥያቄውን ራሱ ጠየቀ፦ «ጎርፍ ሲመጣ መጀመሪያ ማንን ትሸከማላችሁ?»

አቤት ያኔ የወጣው ስም! አያቱ፣ መንታዎቹ፣ እግሯ የተሰበረው ምራት። ቀድሞ መሸከም ክብር ነዋ፤ ለምን ሦስተኛ አደረጋችሁኝ ብላ ያኮረፈች አሮጊትም አለች። ወረቀት አለቀባቸው።

እኔ ዘንድ ደረሰ። የምኖረው ብቻዬን ነው።

«ጻፍ» አለው ልጁን። «ኡሙ ፈረጅ፣ አንደኛ። ተሸካሚ፣ አወድ።»

«በሰባ ዓመትህ? ያለ ዱላ መች ትሄዳለህ?» አልኩት።

«አንቺን ካዘልኩ ዱላ ምን ያደርግልኛል፣ እትዬ? ምላስሽ ይደግፈኛል።»

መከላከያው እኛው መንደር ተሠራ። ዘንድሮ ጎርፉ መጥቶ ድንጋዩን ታኮ አለፈ። ልስናችንም ደረቀ። አወድ አንዴ ላስ አድርጎ «ደህና ነው» ይልና ውልቅ ማለት ጀመረ።

ስለዚህ ሐሙስ ሐሙስ፣ ከመምጣቱ በፊት፣ የበሩን ጥግ በጨው ውሃ ዳበስ አደርገዋለሁ። ሲልሰው ዓይኑ ይበራል፤ ፀሐይ እስክትጠልቅ ይመረምራል፣ ይጨቀጭቀኛል፣ ያወራኛል። ግድግዳ አይዋሽም ይላል። የእኔ ይዋሻል።