ክቡር አበረታች ዳውድና የሬሕማ እሳት

እስቲ ስልካችሁን አውጡና የገባችሁባቸውን ግሩፖች ተመልከቱ። በየአንዳንዱ ውስጥ አንድ አበረታች ተሰይሟል። እናንተ ዓይናችሁን ሳትገልጡ እሱ የሚያጨበጭብ ሕፃን ምስል ልኳል። መርዶ ቢለጠፍ እንኳ «በርቱ!» ከማለት አይመለስም።

ካርቱም ላይ ይህን ሹመት የያዘው ክቡር አበረታች ዳውድ ነው። በየሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ሠላሳ አንድ የወሎ ሴቶችን ስምንተኛ ክፍል በስልክ ያስተምራል። ትምህርቱን የከፈተው ድርጅት ደግሞ «ተማሪ እንዳይሰለች» ብሎ እሳት ፈልስፏል። ከጁምዓ በቀር በየማለዳው ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት በሚስጥር ቃልሽ ገብተሽ ስልክሽን ትነኪያለሽ፣ በስምሽ ላይ የእሳት ምስል ይበራል። ሦስት ማለዳ ከጠፋ ከፈተና ትሰረዣለሽ! ይህን ያሰበ ሰው፣ እምላለሁ፣ የሰው ሽንት ቤት አጥቦ አያውቅም።

ሬሕማ ዐማራት በሚባለው ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ ተቀጥራ ትሠራለች። የምትማረው ነርስ ልሁን ብላ ነው። መዳሟ ጠዋት ስልኳን ተቀብላ መሳቢያ ውስጥ ትቆልፍበታለች፤ የምትመልስላት ማታ የመጨረሻው ድስት ሲታጠብ ነው። እንዲያም ሆኖ ማታ ስትከፍተው እሳቷን በርቶ ታገኘዋለች። የስልክ ነገር ነው ብላ ትታዋለች። የምትጠላው የዳውድን የድምፅ መልእክት ነው፦ «ያላ ሬሕማ! ጀግኒት! ማሻአላህ!» ስድስት ደቂቃ ሙሉ፣ በእሷ ኢንተርኔት።

አንድ ማክሰኞ ማታ፣ እጇን ካውያ ለብልቧት ሳለ፣ ዳውድ እንዲህ አላት፦ «ትናንት ሦስተኛውን ልምምድ ሳትጨርሺ ተኝተሻል። በርቺ!» ከታች ሕፃኑ ያጨበጭባል።

«ደሞ ገብቶ ያየኛል?» ደሟ ፈላ። ሲመዘግባት እሱ ያወጣላትን የሚስጥር ቃል እዚያው ቀየረችው።

ረቡዕ እሳቷ ጠፋ። ሐሙስም ጠፋ። የቀራት አንድ ማለዳ ነው።

ጁምዓ ዕረፍቷ ነውና ሚኒባስ ተሳፍራ ዳውድ ወደሚሠራበት ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ወረደች። ክቡርነታቸውን ያገኘቻቸው መተዳደሪያቸው በሆነችው ባለሦስት እግር ራክሻ ላይ ቁጭ ብለው ነው።

«አንተ ኡስታዝ! ስምንተኛን አቋርጬ ከወጣሁ ስድስት ዓመቴ! አሁን እሳት ያስቀረኝ? ጠዋት ስልኬ መዳም ጋ መሆኑን አታውቅም?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ በምኔ ልለኩሰው?»

«አንቺማ አንድ ቀንም ለኩሰሽው አታውቂም» አሏት። «የምለኩሰው እኔ ነኝ። ያንቺንም፣ ስልክ የሚቀሟቸውን የሌሎቹንም። ሃያ ሦስት ናችሁ። ለድርጅቱ ሰዓቱን ቀይሩላቸው ብዬ ስንቴ ጻፍኩ መሰለሽ!»

«ምን አሉህ?»

«የሚያጨበጭብ ሕፃን ላኩልኝ።»

ሬሕማ ሳቋን ዋጠች።

«ረቡዕ የሚስጥር ቃልሽ እምቢ አለኝ። እንዳልጽፍልሽ ድርጅቱ መልእክቱን ሁሉ ያነበዋል። አዲሱ ምንድን ነው?»

ሻርፗን ወደ አፏ ሳበች። «ወላሂ ተናድጄ ነው...»

«ንገሪኝ።»

«ዳውድ ደንቆሮ።»

ክቡር አበረታች ፊታቸው አልተለወጠም። ስልካቸውን አወጡ። «በእንግሊዝ ፊደል ነው ባማርኛ?»

«ባማርኛ።»

ጻፉት። ገባላቸው። «ኻላስ፣ አለቀ። አሁን ደብተርሽን አውጪ፤ ሦስተኛው ልምምድ አልቀረልሽም።» ራክሻዋ ኋላ ወንበር ላይ አስቀምጠዋት፣ ተሳፋሪ ሲመጣ እየመለሱ፣ እስከ ዐስር ሶላት ክፍልፋይ አስረዷት። የክፍል ጓደኞቿን ትምህርት ጥለው እንዳይሄዱ ያደረጋቸው ምን እንደሆነ ያን ቀን ገባት። ድርጅቱ ግን በሪፖርቱ «እሳቱ ሠራ» ብሎ ይጽፋል። ይጻፍ!

ሬሕማ የሚስጥር ቃሉን ልትቀይረው ፈልጋ ነበር፤ እሳቸው «ለምጄዋለሁ፣ ተይው» አሏት። ይኸው በየማለዳው፣ ከመጀመሪያው ተሳፋሪ በፊት፣ ይህ ሰው ራሱን እየሰደበ እሳቷን ይለኩስላታል።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ቤታችሁ የምትሠራው ልጅ ስልክ እናንተ ጋ ተቆልፎ ከሆነ፣ በአላህ ይዣችኋለሁ፣ ተነሱና ስጧት። እስከ ማታ አታቆዩት።