ጋሼ ኸይሩና አንዷ ዲግሪ

መርካቶ ውስጥ «አይሆንም» ማለት ድርድር ተጀመረ ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሰው ይኖራል? አንድ አገኘሁ፤ የሒሳብ መምህር ነው።

ምን አለሽ ተራ ከአሮጌ ቆርቆሮ ምድጃ የሚሠሩት ጎረቤቴ ጋሼ ኸይሩ፣ ማንኛውንም ማዕዘን በኮምፓስና በማስመሪያ ብቻ ሦስት እኩል ቦታ የመክፈያ ዘዴ አገኘሁ ብለው የሰፈራችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፉ። ያ መምህር ወዲያው «አይቻልም! የእርስዎም በአንድ ዲግሪ ስቷል» ሲል መለሰላቸው።

«ግማሽ ዲግሪ በለውና እንጨርስ» አሉት።

«ሒሳብ ድርድር የለውም!» ብሎ ከግሩፑ ወጣ።

እኔ አፈርኩላቸው። እሳቸው ግን መዶሻቸውን አንስተው፣ «ደንበኛ ጥሎ ሲሄድ አይተህ አታውቅም? ይመለሳል» አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ እውነትም ተመለሰ፤ «ግማሽ ዲግሪም ቢሆን እኮ ስህተት ነው!» ብሎ ጻፈ።

ጋሼ ስልካቸውን ወደ እኔ አዞሩት።

«አየህ? ከአንድ ወደ ግማሽ ወረደ!»