የግማሽ ቲማቲም ሰው

አዳማ ላይ የማይሰበሰቡበት ጉዳይ የለም። አገር የሚመራው ከአዲስ አበባ ነው የሚል ካለ የእኛን ሆቴሎች አዳራሽ አላየም። ባነሩ ይለዋወጣል እንጂ የሚሰቀልበት ሚስማር ያው ነው። ታዲያ ያ ሁሉ ውሳኔ ሲወሰን ወጥ ቤቱን ማን ያስታውሳል? እኔ የሰላጣ ክፍል ኃላፊ ነኝ፤ ከበታቼ ያለው ግን ቢላዋዬ ብቻ ነው።

በዘንድሮው ሁዳዴ የመጡልን እንግዶች የሚመክሩት በአትክልት ላይ ስለሚቀር ፀረ-ተባይ ኬሚካል ነበር። ምን ያህል ቢቀር ሰው አይጎዳም? የሻይ ቴርሞስ ልቀይር ስገባ ሰብሳቢው ዶክተር ስሌቱን ያስረዳሉ። ሰው ቲማቲም የሚበላው ትንሽ ከሆነ የሚፈቀደው ቅሪት ከፍ ይላል፤ ብዙ ከሆነ ዝቅ ይላል። እስከዚህ ድረስ እኔም ተስማምቻለሁ። ቀጠሉና አንድ ሰው በቀን በአማካይ ግማሽ ቲማቲም ይበላል አሉ።

ግማሽ? ሁለቱ ልጆቼ ሁዳዴን የሚዘልቁት በቲማቲም ፍትፍትና በስልስ ነው። ጠዋት ተረጭቶ ከሰዓት የሚለቀም ቲማቲም እንዳለ ደግሞ አምጪው ነጋዴ ራሱ ደብቆኝ አያውቅም። ፈራሁ፤ ከፍርሃቴ ይልቅ ግን ንዴቴ በለጠ።

በማግስቱ የአገሪቱን ሳይንስ አክብሬ ሠራሁ። አንዱን ቲማቲም ለአራት እየቆረጥኩ፣ ለአንድ እንግዳ ሁለት ሁለት ቁራጭ አሰብኩና ቡፌው ላይ አስቀመጥኩ። ሰልፉ ሳይጋመስ ሳህኑ ተራቆተ። ባዶው ሳህን ፊት ለፊት የቆሙት ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? ዶክተሩ።

ሥራ አስኪያጃችን ፊቱ ቲማቲም መስሎ እዚያው ቡፌው ጋ ጠራኝና፣ በእንግዳ ፊት ልታዋርጂኝ ነው ወይ፣ ከነገ ጀምሮ ሥራ የለሽም አለኝ። እኔም ለዶክተሩ በትሕትና ነገርኳቸው፦ እርስዎ ትናንት ባሉት ልክ ነው የሠራሁት፤ ስሌቱ ትክክል ከሆነ ሁሉም ጠግቧል፣ ካልጠገበ ግን ጾመኞቹ ልጆቼም አይጠግቡም። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዶክተሩ አልሳቁም። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና፣ ልክ ነሽ፣ የጾመኛውን ገበታ ረስተናል አሉ።

ከሰዓት በኋላ ስሌቱ ብዙ በሚበላው ጾመኛ ልክ ተሠራ፤ የሚፈቀደው ቅሪትም በረቂቁ ላይ ዝቅ አለ። ቃለ ጉባኤው «ከተሳታፊ በቀረበ ሐሳብ» ይላል። ተሳታፊዋ እኔ ነኝ። ሥራዬም አለ፤ እንዲያውም ሥራ አስኪያጁ አሁን እሜቴ ሊለኝ ምንም አልቀረው።

በሦስተኛው ቀን ሰላጣውን በደስታ ከምሬ አቀረብኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ስለ ቅሪት ያወራ ጉባኤ ግን ቲማቲሙን በጎሪጥ እያየ ወደ ሽሮው አለፈ። ዶክተሩ ብቻ ቆም ብለው አሰቡና በሹካ ጥቂት አነሱ። ቆጠርኩ፤ ሁለት ቁራጭ ነው።