ያልተቋጠረው ክር

[ልብስ ስፌት ቤት። የሰፊው የእህት ልጅ፣ ሰፈሩ በሙሉ «ሊቁ» የሚለው፣ ከስፌት መኪናው ጎን ላፕቶፑ ላይ አፍጥጧል። የፕሮግራም መልመጃውን ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ካልላከ ያ ሲመኘው የኖረው ሥራ ቀረበት። አሥር ደቂቃ ቀርቶታል።]

ሊቁ፦ ደደብ ኮምፒውተር! ይኼው ደግሞ ፈዞ ቀረ!

አጎት፦ ምን አደረገህ ምስኪኑ?

ሊቁ፦ ዝርዝሩ ውስጥ ስንት ዕቃ እንዳለ ቁጠር አልኩት። ሲቆጥር አረፈደ!

አጎት፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልክ አታሳየውም?

ሊቁ፦ እሱ የድሮ ሰው ዘዴ ነው። በዚህ የኮምፒውተር ቋንቋ ደንቡ አጭር ነው፦ አንዱን አንሳ፣ የቀረው ስንት እንደሆነ ራስህን ጠይቅ፣ መልሱ ላይ አንድ ጨምር። በቃ!

አጎት፦ እኔ ባውቀው ኖሮ ራሴን ምን አስጠየቀኝ?

ሊቁ፦ ኧረ ጋሼ፣ ለእርስዎ ማስረዳት ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው! እስቲ በእነዚህ ሱሪዎች ይሞክሩት።

አጎት፦ [ከጠረጴዛው አንድ ሱሪ አንስቶ ራሱን እየጠየቀ] አንተ ሰውዬ፣ የቀረው ስንት ነው? [ወደ ሌላ ጎን ዞሮ] እኔ ምን አውቄ! ቆይ ላንሳ። [ሁለተኛውን አንስቶ] አንተ ሰውዬ፣ የቀረውስ?

ሊቁ፦ ጎሽ! እንደሱ ነው!

አጎት፦ [ሦስተኛውን አንስቶ] አንተ ሰውዬ... አለቀ።

ሊቁ፦ ይቀጥሉ እንጂ!

አጎት፦ ምኑን? ሱሪ የለም እኮ።

ሊቁ፦ ደንቡ «አንሳ» ነው የሚለው፣ ያንሱ!

አጎት፦ [ቀበቶውን መፍታት ይጀምራል] እንግዲህ የቀረው የለበስኩት ነው።

ሊቁ፦ ኧረ ጋሼ! በሩ ክፍት ነው!

አጎት፦ ታዲያ «አቁም» የሚለው ደንብህ የታለ?

ሊቁ፦ [እየሳቀ] ይኼንንማ ሕፃን ልጅም ያውቀዋል! ባዶ ሲሆን ዜሮ ብሎ ማቆም ነዋ! [ስክሪኑን ያያል። ሳቁ አፉ ላይ ይደርቃል።] ወይኔ! አልጻፍኩትም።

አጎት፦ ጉድ ፈላ! ክሩን ሳትቋጥር ነዋ ስትሰፋ ያረፈድከው!

[ሊቁ አንዲት መስመር ይጨምራል። መልሱ ወዲያው ብቅ ይላል። ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ይልካል።]

ሊቁ፦ ተላከ! እፎይ! ጋሼ፣ ንቄዎት ነበር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

አጎት፦ [ቀበቶውን እያጠበቀ] እኔንስ ተወኝ፣ ኮምፒውተሩን ይቅርታ ጠይቀው። እኔን ቀበቶዬ ላይ አስቆምከኝ፤ እሱ ምስኪን ከጠዋት ጀምሮ ሲያወልቅልህ ነው ያረፈደው!